ተጨማሪ ሰዓት

«ዛሬን ብቻ ፍዝዝ በይልኝ» አለች ሜሬዲት፣ በልጇ የአጃ ገንፎ ላይ የብሉቤሪ ፍሬ እየበተነች። «ደደብ ሁኚ አላልኩም፤ ማንም ደደብ አይልሽም። ብቻ ዶክተሯ ስትጠይቅሽ ተጣድፈሽ አትመልሺ። በመስኮት ወደ ውጭ እዪ። ‹ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?› በያት። ካሳየችሽ ነገር ግማሹን እርሺው። የብሌየር ልጅ እንደዚህ ነው ያደረገው፤ ይኸው አሁን እንደ ሰው ተኝቶ ያድራል።»

ይህን ስትል ድምጿ «ካፖርትሽን ልበሺ» ከምትልበት ድምፅ በምንም አይለይም ነበር። በዚያ ወጥ ቤት ውሸት የሚባል ቃል ተነስቶ አያውቅም፤ ነገሩ ሲመጣ ሌላ ስም ይወጣለትና ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይቀርባል። ስሎን ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷን የምታየው በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ እናቷን በምታይበት ዓይን፣ ማለትም በንቀት ነው፤ ሆኖም ከመከራከር መስማማቱ ይቀላልና «እሺ» አለች። አባቷ ግራንት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ከፎቅ ወረደ፤ የልጁን ራስ እንደ ውሻ ራስ ደባበሰና «አደራሽን፣ እንዳታስቢ!» ብሎ በገዛ ቀልዱ እየሳቀ ወደ ባቡሩ ሄደ።

በነሱ ሰፈር፣ ከኒውዮርክ በባቡር አንድ ሰዓት ወጣ ብሎ፣ የልጅን አእምሮ ማስመርመር ጥርስን በሽቦ እንደማሳሰር ያለ ነገር ነው፤ ዕድሜው ሲደርስ ይደረጋል። ዶክተሩ «የዚህ ልጅ ትኩረት ይበተናል» ብሎ ከጻፈ፣ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ሌላው በሦስት ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ በአራት ሰዓት ተኩል ይሠራዋል። የምርመራው ዋጋ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው፤ ኢንሹራንስ አይከፍለውም። ስለዚህ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ያለ ልጅ ትምህርት ሲያቅተው ትኩረቱ የተበተነ ነው፤ ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ደግሞ ሰነፍ ነው። ምርመራው ራሱ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። ጭንቅላቱን የተመታ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ፊደል አልገባ ያለው ልጅ ያላት እናት ዓመት ሙሉ ወረፋ ትጠብቅለታለች። ሜሬዲት ወረፋ አልጠበቀችም። ጓደኛዋ ብሌየር አንድ ስልክ ደወለችላት፣ በቃ።

የዶክተር ኦኩን ቢሮ ከጥርስ ሐኪምና ከዮጋ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያው ክፍል ግራጫ ሶፋ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ በሩ ሥር ደግሞ የውስጡ ወሬ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ቀኑን ሙሉ ሽሽሽ የምትል ትንሽ ማሽን አለው። ብሌየር ለትንሹ ልጇ ቀጠሮ ልታስይዝ መጥታ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ሳይነካኩ ተሳሳሙ። ሜሬዲት ትንሹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠየቀቻት። «አራተኛ» አለች ብሌየር። «ቀደም ብሎ መጀመሩ ይሻላል ይላሉ። ፈተናው ሲደርስ የተፈበረከ እንዳይመስል።» ቀጥሎ ሴቶች ስለ ፀጉር ሠሪ እንደሚያወሩት ስለ ዶክተሮች አወሩ፦ ከተማ ያለው ሰውዬ ግትር እንደሆነና ለማንም እንደማይሰጥ፣ የወንዙ ማዶዋ ደግሞ ለሁሉም ስለምትሰጥ ወረቀቷን ማንም እንደማያከብረው፣ ይቺኛዋ ግን መሀል ላይ እንዳለች። ስሎን ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነበር፤ ምንም አልከፈተችበትም፣ ሁሉንም ትሰማለች። በመጨረሻ ብሌየር ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻትና «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር የለም!» ብላ ሳቀች። «ስትጨርሱ ወደቡ ላይ ያለው ዓሣ ቤት እንገናኝ፤ ግብዣው የኔ ነው።»

ዶክተር ኦኩን ስድሳ የሞላት፣ አጭር፣ ፀጉሯን ቀለም መቀባት የተወች ሴትዮ ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሰዓት መቁጠሪያ አለ። መስኮት የለም። ስሎን ወዴት እንደምትፈዝ ግራ ገባት፤ በመጨረሻ የመብራቱን ማብሪያ መረጠች። ዶክተሯ ሥዕሎች አንድ በአንድ አሳየቻት፤ ጀልባ፣ መጥረጊያ፣ በቆሎ፣ ከበሮ፣ ሌላም ብዙ። ኋላ ሁለት ሁለት እያደረገች «ቅድም ያየሽው የቱን ነው?» ትላት ጀመር። ስሎን ሁሉንም ታስታውሳለች። የማስታወስ ችሎታዋ የሚያስፈራ ነው። እንግዲህ ጀልባውን እያወቀች ጃንጥላውን ጠቆመች፤ መጥረጊያውን እያወቀች ማንኪያውን። በየመሀሉ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» ትላለች፣ ጥፍሯን ትመለከታለች። እንዲያውም ነገሩ ቀልቧን ሳበው። ይቺ አሮጊት ለዚህ ነው ያን ያህል ብር የምትቀበለው? ብላ በሆዷ ናቀቻት።

ዶክተሯ የመጨረሻዋን ሥዕል አንስታ ሁሉንም ወደ ጎን አደረገች።

«ስሎን፣ ይሄ ፈተና ከባድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጭንቅላታቸውን ክፉኛ የተጎዱ ልጆች አብዛኛውን ያገኙታል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠቁም ሰው እንኳ ግማሽ ያገኛል። አንቺ ከግማሽ በታች ነሽ። እንዲህ አድርጎ ለመሳሳት ትክክለኛውን ማወቅ ያስፈልጋል።»

የስሎን ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ተያዘች፤ ደግሞ ማን ያዛት፣ አሁን የናቀቻት ሴትዮ።

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም።»

ዶክተሯ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣመረች። ከበሩ ሥር ማሽኗ ሽሽሽ ትላለች።

«እናቴ» አለች ስሎን።

ዶክተር ኦኩን አልገረማትም። በዚህ ወንበር ላይ ተመክሮ የተላከ ልጅ ማየት ለሷ የሰርክ ሥራ ነው፤ የሚያናድዳት ልጆቹ ሳይሆኑ ውጭ ሶፋው ላይ የሚጠብቁት ናቸው፣ ግን እነሱንም አታባርራቸውም፤ የቢሮ ኪራይ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። «ሁለት ምርጫ አለሽ» አለቻት። «ወይ አሁን አቁሜ ምክንያቱን ለእናትሽ እነግራታለሁ፤ ወይ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ራስሽ ትሠሪልኛለሽ። ቅድም የሠራሽውን ግን ከመዝገቡ አላወጣውም።»

ስሎን ሁለተኛውን የመረጠችው እውነት ወዳ አይደለም። ኩራቷ ተነክቶ ነው። ይቺ ሴትዮ ማን እንደሆንኩ ትወቅ አለች። ባለ ቀለም ኩቦቹን በሥዕሉ መሠረት ደርድሪ ስትባል ዶክተሯ መቁጠሪያዋን ከመጫኗ ጨርሳ እጇን አነሳች። ቁጥሮቹን ከኋላ ወደ ፊት ድገሚ ስትላት ሳታቋርጥ ተወጣቻቸው። ሁለት ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ ስትባል የሰጠችው መልስ ዶክተሯን ቀና አስደረጋት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ አለፈ፤ ስሎን ጭራሽ ደስ ብሏት ነበር። ያኔ ነው ዶክተሯ አንዲት ወረቀት ፊቷ ያስቀመጠችው።

«እነዚህ ቃላት ትርጉም የላቸውም። የሚናገራቸው ሰው የለም፣ ለፈተናው የተፈጠሩ ናቸው። እንደተጻፉ ብቻ አንብቢልኝ።»

ስሎን ቃልን የምታውቀው ሰፈርተኛን እንደምታውቀው ነበር፤ በመልኩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የብዙ ሺህ ቃል መልክ አጥንታ ይዛለች፤ ሲመጣ ገና ከሩቅ ትለየዋለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይዞ ድምፅ እያወጡ መሄድ ግን ሆኖላት አያውቅም። አሁን ገጹ ሙሉ የማታውቃቸው ሰዎች ተሰልፈው ያፈጡባታል፤ አንዱም ስሙን አይነግራትም። የመጀመሪያውን በሚመስለው እውነተኛ ቃል ጠራችው። ሁለተኛውን እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ምላሷ ተሳሰረ። «ይሄኛውስ የአይኪያ ጠረጴዛ ስም ነው» ብላ ሳቀች፤ የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር ሸቀጡን ሁሉ ሰው በማይጠራው ስም ነው የሚሰይመው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ጓደኞቿ ይስቁላት ነበር፤ አስተማሪውም ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፍ ነበር። ዶክተሯ ፈገግ አለች፣ መቁጠሪያውን ግን አላቆመችም። «ሽንት ቤት ልሂድ?» አለች ስሎን።

«ሂጂ። እጠብቅሻለሁ።»

ሽንት ቤት መሄድ የቆየ መሸሺያዋ ነው። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ ሲባል ተራዋ ሊደርስ ሲል ትወጣለች። መጻሕፍቱን በማዳመጫ፣ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጋ ትሰማለች። ያልሰማችውን ከትምህርት ሰዓት በፊት ጓደኛዋን «አንቺስ ምን ተሰማሽ?» እያለች ታስወጣታለች፤ ከዚያ ክፍል ገብታ ራሷ ካነበበችው ልጅ አሳምራ ትናገረዋለች። በሰዓት ሂሳብ እየተከፈለው ቤት የሚመጣው አስጠኚ ድርሰቷን «ያስተካክልላታል»፤ ሲያስተካክለው የሷ የሚቀረው ስሟ ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀት በየዓመቱ «በውይይት እሳት ናት፣ በፊደል አጻጻፍ ግድየለሽ ናት» ይላል፤ እናቷም «ግድየለሽነትሽን አሻሽይ» ትላታለች። ለዚያ ትምህርት ቤት በዓመት የሚከፈለው ብር ሰው ሁለት መኪና ይገዛበታል። ያን ሁሉ ብር ከተቀበሉት ሰዎች መካከል አንዱ እንኳ አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ገጽ አንብቢልኝ ብሏት አያውቅም።

ፊቷን በውሃ አበስ አድርጋ ተመለሰች። ዶክተሯ እንዳለችው ትጠብቃት ነበር። ስሎን ወረቀቱን ሳበችና አንድ በአንድ፣ እየወደቀች እየተነሳች፣ እስከ መጨረሻው ሄደችበት። ከዚያ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ስለ ንብ የሚያወራ፣ ዐሥር ዓመት ለሞላው ልጅ የተጻፈ ነው። ስትጨርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«ይሄን ለማን ነግረሻል?» አለች ዶክተሯ።

«ምኑን?»

«እንዲህ እንደምትለፊ።»

ስሎን ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ በእናቷ ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ከውስጧ ወጣ፣ የትንሽ ልጅ ድምፅ። «ሁሉም ሰው የሚያስመስል መስሎኝ ነበር» አለች። «እኔን ብቻ ማስመሰሉ የሚያደክመኝ።»

ዶክተር ኦኩን ሜሬዲትን አስገባች። ሙሉው ውጤት ከሦስት ሳምንት በኋላ በጽሑፍ እንደሚደርሳት፣ አሁን ግን ልጅቷ ባለችበት አንድ ነገር መናገር እንደምትፈልግ ገለጸችላት። ስለ ሥዕሎቹ ፈተናም ሳታድበሰብስ ነገረቻት። ሜሬዲት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ «ልጆች አንዳንዴ ነገር አሳስተው ይሰማሉ» አለች፤ ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ናት። ቀጥላ ሰውነቷን ወደ ፊት ሰገግ አድርጋ፣ «ትኩረቷ ነው?» አለች።

«ትኩረቷ ደህና ነው።»

የሜሬዲት ፊት ጠቆረ። ልጅሽ ደህና ናት ሲሏት እንዲህ ፊቷ የሚጠቁር እናት ስሎን አይታ አታውቅም።

«ችግሯ ንባብ ነው» አለች ዶክተሯ። «ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት ይቸግራታል፤ አብሯት የተወለደ ነው። በጣም ብልህ ስለሆነች ሸፍናው ኖራለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ወይዘሮ ኬንድሪክ።»

«ታነባለች እኮ! ውጤቷን አይተውታል?»

«ታስታውሳለች እንጂ አታነብም።»

ሜሬዲት ልጇን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር የምታየው፤ የሆነ ነገር እያሰላች። ኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄኛው... በዚህም ሰዓቱ ይሰጣል?» አለች።

ዶክተሯ መዝገቡን ዘጋች። «ይሰጣል። ይሄኛው የሚያከራክር አይደለም።»

«ተመስገን!» አለች ሜሬዲት፤ እጇ ደረቷ ላይ ሄደ፣ የታመቀ ትንፋሽ ለቀቀች። «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። አላሳፈሩንም።»

«የምነግርዎ ገብቶዎታል? ልጅዎ እርዳታ ያስፈልጋታል። በየቀኑ፣ በትዕግሥት...»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ደብዳቤውን ግን ከፈተናው ምዝገባ በፊት ያደርሱልናል?»

መኪናው ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳታስር ለባሏ ደወለች። የግራንት ድምፅ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ገባ።

«አገኘነው!» አለችው።

«ትኩረት?»

«አይ፣ ንባብ። ፊደል አይያዝላትም ነው የምትለው። አብሯት የተወለደ ነው አለች።»

«የተወለደ?» አለ ግራንት። «ይሄማ ከናንተ ወገን ነው። ወንድምሽ ቶድ የመንጃ ፈቃድ ስንቴ ነው የወደቀው?»

«ቶድ ጠጥቶ ሄዶ ነው! ይልቅ አባትህ ጋዜጣ ሲይዝ ገጽ ሲገልጥ አይቼው አላውቅም።»

«አባቴ ዳኛ ነበር!»

«ለዛ እኮ ነው የምልህ!»

ስሎን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በጎን መስታወቱ የሚሸሸውን መንገድ ታያለች። ስለሷ እያወሩ ነው፤ እሷ ግን እዚያ የለችም። ግራንት ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለማንኛውም ሰዓቱን ይሰጧታል?» አለ። ሜሬዲት እንደሚሰጧት ነገረችው። «በቃ! ጎበዝ ልጄ! ስሎን፣ ትሰሚኛለሽ? እንኳን ደስ ያለሽ!»

«አመሰግናለሁ» አለች ስሎን።

ዓሣ ቤቱ ጠረጴዛዎቹ ከመርከብ ሳንቃ የተሠሩ መስለው እንዲታዩ ተደርገው ነው የተገዙት። ብሌየር ነጭ ወይን አስቀድታ ጠብቃቸዋለች። «እህስ?» አለች ገና ሳይቀመጡ፤ «አገኛችሁ?» ሜሬዲት ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበሩ ላይ አስተካክላ ሰቀለች፣ ፀጉሯን ነካ አደረገች። «አገኘን» አለች። «ትኩረት ነው። እንደጠረጠርነው።» ብሌየር አጨበጨበች። ስሎን እናቷን አየቻት። ጠዋት የተመከረችው ውሸት ጥቅም ለማግኘት ነበር፤ ያ ቢያንስ ይገባታል። አሁን ሰዓቱ ተገኝቷል፣ የቀረ ነገር የለም። የአሁኑ ውሸት እሷን ለመደበቅ ነው።

አስተናጋጁ ኤሚሊያኖ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። የምግብ ዝርዝሩን ለሦስቱም አደለ፤ በእጅ ጽሑፍ መልክ የታተመ፣ ረጅም። ስሎን ምግብ ቤት ስትገባ ዝርዝሩን ዘርግታ ለአፍታ ዓይኗን ታንከባልልበትና እናቷ ካዘዘች በኋላ «ለኔም እንደሱ» ትላለች። እናቷ ሁልጊዜ የምታዘው ሳልመን በሰላጣ ስለሆነ ስሎን በሕይወቷ የበላችውን ሳልመን ባሕር አይችለውም። ዛሬ ዝርዝሩን አጥፋ ለሰውዬው መለሰችለት።

«ያንብቡልኝ» አለችው።

«መነጽርሽን ረስተሽ ነው እህቴ?»

«አይደለም። ማንበብ አይሆንልኝም። ዛሬ ተመርምሬ ነው ያወቅሁት።»

የብሌየር ብርጭቆ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ። «ስሎን!» አለች ሜሬዲት በጥርሶቿ መሀል፤ «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ኤሚሊያኖ አንዴ እናቲቱን አንዴ ልጅቷን አየ። ብዙ ቤተሰብ ሲበላ ያየ ሰው ነው። ከኪሱ የራሱን መነጽር አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገና ከላይ ጀመረ፤ በቅርፊቱ የሚቀርበውን አይስተር፣ ሾርባውን፣ የተጠበሰውን፣ የተቀቀለውን፣ ከየትኛው ባሕር እንደወጣ፣ በምን እንደሚቀርብ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ዞረው አዩ። ስሎን ክርኗን አስደግፋ፣ ተረት እንደምትሰማ ልጅ ታዳምጠዋለች። ሜሬዲት ከመሀል ሁለት ጊዜ «ይበቃል፣ ይቺው ሳልመን ትበላለች» አለችው። ሰውዬው ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብሎ ስሎንን አያት፤ ስሎን «ይቀጥሉ» አለችው፤ ቀጠለ።

«ትኩረት ነው አላልሽኝም እንዴ?» አለች ብሌየር በጣፋጮቹ ላይ ሲደርስ። የሜሬዲት ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ ለልጇ አዝና ይሁን በብሌየር ፊት ስለተዋረደች፣ እሷም ራሷ ብትጠየቅ መለየት አትችልም።

ስሎን የተጠበሰ ኦክቶፐስ፣ ያን ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ፣ አዘዘች፤ ስሙን ከዚያ በፊት በምግብነት ሰምታው አታውቅም። ብሌየር ስልኳ እንደጮኸ ሁሉ አንስታ ወደ ውጭ ወጣች፣ ብዙም ቆየች። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምግቡ መጣ። ሜሬዲት በሹካዋ ሳልመኗን ከዚህ ወደዚያ ታንከባልላለች።

«እንዴት ሳላውቅ?» አለች በመጨረሻ። ከልቧ የወጣ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ስሎን አፏ ሙሉ ነበር፤ እስክትውጥ አስጠበቀቻት። «አንቺ የምትጠይቂኝ ‹ስንት አገኘሽ?› ብለሽ ነዋ» አለች። «እኔ ደግሞ አገኝ ነበር።»

ሜሬዲት ሹካዋን አስቀመጠች። ስሎን ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ኦክቶፐሱ እንደ ጎማ የሚሳሳብ፣ ጨው የበዛበት ነገር ነበር፤ አልጣማትም። አንድ እግር ሳታስቀር በላችው።